መድኃኒትና መድኃኒት ሲጣሉ
(ለዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዕድር ለቀብር ብቻ የቆመ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ከድንኳኑ በፊት ግን የታመመን መጠየቅም የኛው ሥራ ነው። ዛሬ ልናወሳላችሁ የፈለግነው፣ ካንሰር የያዘው ሰው በሚወስደው መድኃኒት ላይ ሌላ መድኃኒት ሲደረብ የሚመጣውን ጣጣ ነው። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ቢሆንም የታወቀውን ነገር ማካፈል አያስነውርም።

በመዝገብ ቤት አንድ ባለጉዳይ ሁለት ፋይል ከተከፈተለትና ፋይሎቹ ካልተገናኙ ሥራው ይበላሻል። የበሽተኛም ነገር እንዲሁ ነው። ለካንሰሩ አንዱ ሐኪም ያዛል፣ ለሪሁ ሌላው፣ ለልቡ ሦስተኛው። ሐኪሞቹ ባይገናኙም መድኃኒቶቹ በሰውየው ሰውነት ውስጥ ይገናኛሉ።

ምሳሌ እንስጥ። ሜርካፕቶፑሪን የሚባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚፈርስበት መንገድ አለው። የሪህ መድኃኒት የሆነው አሎፑሪኖል ያንን መንገድ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሜርካፕቶፑሪኑ ይጠራቀምና ደም የሚሠራውን መቅኔ ይጎዳል። ሁለቱን አብሮ መስጠት ግድ ከሆነ ሐኪሙ የሜርካፕቶፑሪኑን መጠን ወደ 1/3ኛ ወይም ወደ 1/4ኛ ዝቅ ያደርገዋል። የሚገርመው፣ ሁለቱም መድኃኒቶች የወጡት ከአንድ ላቦራቶሪ ነው። የሠሯቸው ገርትሩድ ኤሊዮንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 ከጄምስ ብላክ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሌላም አለ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የጉበትን ሥራ ያፋጥነውና ኢማቲኒብ የተባለውን የደም ካንሰር መድኃኒት ቶሎ ያስወግደዋል፤ በሽተኛው እየዋጠ እንዳልዋጠ ይሆናል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ደግሞ ካፔሲታቢን ከሚባለው የካንሰር ኪኒን ጋራ ሲገጥም ደም የመፍሰስ አደጋ ያመጣል። ኮትሪሞክሳዞል የምንለው ተራ መድኃኒት እንኳ ከሜቶትሬክሴት ጋራ ሲሆን መቅኔን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የምንወስደውን መድኃኒት ሁሉ ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን እንያዝ፤ ያልጻፈ ልጁን ያስጽፍ። ሐኪም ቤትም መድኃኒት ቤትም ስንሄድ ወረቀቱ ይቅደም። የአገር መድኃኒትም ቢሆን ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በሽተኛ ልንጠይቅ ሄደን «ለኔ በጅቶኛል፣ እስቲ ሞክሪው» እያልን ኪኒን ማቀበሉን እንተው። ደግነት መስሎን ጉዳት እንዳናደርስ።

ሦስተኛ፣ ካንሰርን ከጎረቤት መደበቅ የሰው መብት ነው፤ ሌላ መድኃኒት ከሚያዝ ሐኪም መደበቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚያቋርጥ እንዳይኖር። ማቋረጡም ራሱ ይጎዳል፤ የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

ያ አንድ ወረቀት ዋጋው ምንም አይደለም። የዕድራችን ድንኳን ግን ያለጊዜው እንዳይተከል ያግዛል።