ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለምትሄዱ ልጆቻችን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር በብዙ ቤት አንድ ወሬ ይነሳል፤ «ልጁን ውጭ አገር ብንልከውስ?» ይባላል። ዛሬ በዚህ ላይ ጥቂት እንመካከራለን።

ለዒልም ከአገር መውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል የሚታየው የኢፋት ምድር ጥንት ከዘይላዕ አገር ጋር ጀበርት በሚለው ስም ይታወቅ ነበር። በካይሮው አል-አዝሀርም ከዚህ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች የተለየ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለዱት የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ይህንኑ ሪዋቅ ሲመራ ከኖረ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ልብ እንበል፤ እነዚያ ደረሶች ባሕር ተሻግረው ሲደርሱ የሚያርፉበትን ያውቁ ነበር። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦችን ወደ ሐበሻ የላኩት በዚያ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ አውቀው ነው። የሚሄዱበትን ሳያውቁ መውጣት ወጋችን አይደለም።

በአንድ ወቅት ከአንኮበር ቆላ አንድ አባት ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። አንዱን በሬ ሸጠው ለደላላ ከፍለዋል፤ ሁለተኛውን ለቲኬት ሊሸጡ ተነስተዋል። ወረቀቱን ስናነበው ትምህርት ቤቱ ልጁን መቀበሉን ይናገራል እንጂ ወጪውን ማን እንደሚከፍል አንድም ቃል የለበትም። «ተቀብለንሃል» ማለት «እንከፍልልሃለን» ማለት አይደለም። ሁለተኛው በሬ ተረፈ፤ የመጀመሪያው ዋጋ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመነሳታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል? የትምህርት ክፍያው፣ መኝታው፣ ቀለቡ፣ ሕክምናውና ቲኬቱ ተለይተው በጽሑፍ ይቀመጡ። ለምሳሌ የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ክፍያን፣ ማደሪያን፣ የጤና መድንንና ቲኬትን ይሸፍናል፤ የወር ድጎማም አለው። ለማመልከት ምንም አያስከፍልም። ለእንዲህ ያለው ዕድል «ቦታ አስይዝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ራቁት።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የታወቀ ነው? ከውጭ ለመጣ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። አራት ዓመት ከተለፋ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የአገሩ ሁኔታ እንዴት ነው? ብዙ ልጆቻችን ኻርቱም በሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን፣ በረመዳን መገባደጃ ላይ፣ ጦርነት ሲፈነዳ በከተማዋ የነበሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወጡ። ጦርነት መቼ እንደሚነሳ አላህ ነው የሚያውቀው። እኛ ግን የማስረጃችንን ቅጂ ቤት ትተን መሄድ፣ ስንደርስ በኤምባሲያችን መመዝገብና የቤተሰብን ስልክ በቃል መያዝ እንችላለን።

አራተኛ፣ ዲናችሁን በማን መካከል ትጠብቃላችሁ? እንደደረሳችሁ መስጂዱ የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ሰላቱን በወቅቱ የሚሰግድ ጓደኛ ያዙ። ብቸኝነት ሲከብዳችሁም «ቤተሰቤን አላስጨንቅ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ደውሉ።

ወላጆች ሆይ! እናንተንም አደራ እንላለን። ለሴት ልጃችሁ ዕድሉ ሲመጣ «ሴት ናት» ብላችሁ በሩን አትዝጉባት፤ ከማን ጋር እንደምትጓዝና የት እንደምታድር አብራችሁ ተመካከሩ። ዕድሉ ካልመጣም ልጃችሁ ከጎረቤት ልጅ ያነሰ አይምሰላችሁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ ዒልም በመንገዱ ርዝመት አይለካም። ለጉራ ተብሎ የሚሸጥ በሬም ለማንም አይበጅም።

አላህ (ሱ.ወ) ኒያችንን ያስተካክልልን፤ የሄዱትን ጠብቆ ጠቃሚ ዕውቀት አስይዞ ይመልስልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።