«ተደፈርኩ» ስትላችሁ

ልጃችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ «ተደፈርኩ» ብትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

በቅድሚያ አትቆጧት። ሳትታጠብ፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋት ኑ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለሕክምናው ቃሏ ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በመደፈር የመጣን እርግዝና ለማቋረጥ የሴቷን ቃል ብቻ በቂ አድርጎታል።

ተጠርጣሪውን ለመቅጣት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይላል። እኛም የምንጽፈው ያየነውን ነው፤ ቁስል አለመታየቱ አልተደፈረችም አያሰኝም።

ስለዚህ እሷን ደግፉ፤ ምርመራውን ለፖሊስ፣ ፍርዱን ለፍርድ ቤት ተዉ። ተጠርጣሪው ዘመድ ቢሆንም በሽምግልና አትሸፍኑት።