ለዶርዜ ተማሪ መጽሐፍ ከየት ይምጣለት?



ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ዳገት ዶርዜ ያደርሳል። የዶርዜ ሸማኔ በጥበቡ የታወቀ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባም ሽሮ ሜዳ ብንወጣ የእጁን ሥራ በየሱቁ ተሰቅሎ እናያለን። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ሸማው ሳይሆን፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ስለሚነሣው የሸማኔው ልጅ ነው። ይህ ተማሪ መጽሐፉን ከየት ያገኛል?

ቀድሞ መልሱ አጭር ነበር፤ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ወዳለበት ከተማ መሄድ፣ አለዚያም መቅረት። ዛሬ ግን ኢንተርኔት የሚደርሰው ሰው ሁሉ የሚገባባቸው ቤተ መዛግብት አሉ። ማይክል ሃርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው የጉተንበርግ ፕሮጀክት ከ70,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ያለ ዋጋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ ደግሞ የጥንቱን እትም ገጽ በገጽ በፎቶግራፍ ያሳያል። በዋሺንግተን የሚገኘው የፎልጀር ቤተ መጻሕፍትም የሼክስፒርን ተውኔቶች በነጻ አቅርቧል።

ለምሳሌ ያህል አንድ እንጥቀስ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ ተራራ በከበበው ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ የኢትዮጵያ መስፍን ዓለምን ለማየት መውጣቱን የሚተርክ ሲሆን፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ሁለቱም መጻሕፍት በጉተንበርግ ይገኛሉና፣ ተማሪው ጐን ለጐን እያነበበ ጆንሰን ከመንገደኛው ምን እንደ ወሰደ፣ ምንስ ከራሱ እንደ ፈጠረ ሊመረምር ይችላል።

ይሁን እንጂ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ተማሪው ተራውን የጽሑፍ ፋይል ይምረጥ፤ የራሴላስ ጽሑፍ በስልክ ከሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ነገር ግን በጉተንበርግ ጽሑፍ ላይ የገጽ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝምና፣ ለጥናት ጽሑፉ ገጽ ሲጠቅስ በኢንተርኔት አርካይቭ የተነሣውን እትም ይመልከት፤ የታተመበትን ዓመትና ስፍራም ይመዝግብ። ፈትል ተሰብስቦ ድርና ማግ ካልሆነ ሸማ አይባልም፤ ንባብም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አቶ ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፉት አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ታተመ። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም አፈርሳታን በዚያው ቋንቋ ጽፈዋል። እነዚህ መጻሕፍት የደራሲ መብታቸው ስላልተፈጸመ እንደ ጆንሰን ሥራ ለማንም በነጻ ሊታደሉ አይገባም፤ በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል፤ የዶርዜ ተማሪ የባዕድ ሰው በሐሳቡ የሣላትን ኢትዮጵያ በአምስት ደቂቃ ሲያገኝ፣ የአገሩ ልጅ ያያትን ኢትዮጵያ ለማንበብ ብዙ መንገድ መጓዝ ሊኖርበት ነው።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን የኅትመት ሥራዎች ለማቆየት ይደክማሉ። ነገር ግን ሁለቱም የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ የዶርዜ ሰዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ እናንተም፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እያንዳንዳችሁ የምትገቡበት አገር አላችሁ። በሺህ የሚቆጠሩ ነጻ መጻሕፍት በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ገብተው ለሻንጣ አይከብዱም። እርሷን ለትምህርት ቤቱ አድርሱ። በቤታችሁ መደርደሪያ አቧራ የለበሰ የኢትዮጵያዊ ደራሲ መጽሐፍ ካለም፣ አብራችሁ ውሰዱ፤ እርሱን ማንም ቤተ መዛግብት ከባሕር ማዶ አይልክልንም።