ዜሮው ከየት ይነሳል?



ስለ ሙያሽ ተናገሪ ስባል ስለ በሽታ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። የማወራው ግን ስለ ግፊት መለኪያ ነው።

ከተመረቅን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ በሚቀራረብ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። በማምከኛ ክፍሉ አዲስ አውቶክሌቭ ከተተከለ ሰንብቷል፤ ጠቋሚ ወረቀት ግን ጠፍቶ ቆይቶ ገና የዚያን ቀን መምጣቱ ነው። ነርሷ "ዶክተር፣ ወረቀቱ ቀለሙን አልቀየረም" አለችኝ። መለኪያውን አየሁ፤ መርፌው መመሪያው እንደሚለው 104 ኪሎፓስካል ላይ ቆሟል። "ወረቀቱ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ዕቃውን ተጠቀሙበት" አልኩ። የጥገና ባለሙያው ግን "ዶክተር፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ መለኪያ የሚቆጥረው ከየት ተነስቶ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግፊት ሴንሰር ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፤ ግፊት ሲያርፍበት ይጎብጣል፣ ጉብጠቱም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። ቁም ነገሩ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ነው። በአንጻራዊ ግፊት ሴንሰር ጀርባው ለአካባቢው አየር ክፍት ነው፤ ስለዚህ ዜሮ የሚለው የውጭውን አየር ግፊት ነው። በፍጹም ግፊት ሴንሰር ግን ጀርባው አየሩ ወጥቶለት ታሽጓል፤ የሚቆጥረው ከባዶ ተነስቶ ነው። የእኛ ባለ መርፌ መለኪያም አንጻራዊ ነበር።

እንፋሎት ደግሞ የሚታዘዘው ለፍጹሙ ግፊት ነው። 121 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ወደ 205 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ያስፈልገዋል። በባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር 101 ያህል ስለሚያዋጣ፣ መለኪያው 104 ቢል ይበቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ የሚያዋጣው ወደ 76 ብቻ ነው። ድምሩ 180፣ ሙቀቱም ወደ 117 ዲግሪ! መርፌው ወደ 129 መድረስ ነበረበት። መለኪያው በትክክል ይሠራ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው የማሽኑን የግፊት ጣሪያና የደኅንነት ቫልቩን አረጋግጦ አስተካከለው። ቀዶ ሕክምናው ለከሰዓት ተዛወረ፤ ወረቀቱም ቀለሙን ቀየረ። ወረቀት ባልነበረን ቀናት የታከሙትን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

በየቀኑ "120 በ80" የምንለው የደም ግፊትም እኮ አንጻራዊ ነው። ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ግን የሚወሰነው በፍጹሙ የአየር ግፊት ነው። ሁለቱን ይዘን እየኖርን ልዩነቱን ሳንጠይቅ ተመረቅን።

ዕቃ የምታስገዙ ጓደኞቼ፣ የግፊት መለኪያ ስታዝዙ ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ ፍጹም ነው ወይስ አንጻራዊ? መመሪያውስ የተጻፈው ለየትኛው ከፍታ ነው? መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎችን ለአንድ ቀን እንኳን አንድ አውቶክሌቭ ፊት አቁሙልን። እኔን ያን ዕለት ያዳነኝ የአንድ ባለሙያ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቻችን ጥያቄውን ቀድመው ይወቁት።