የግል ትምህርት ቤት በርና የዘር ቅድሚያ

(በማኅበራችን የክርክር ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠን አርእስት «የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ሲቀበል የልጁን ዘር መመልከቱ ፍትሕ ነውን?» የሚል ነው። እኔ የቆምሁት ፍትሕ ነው በሚለው ወገን ነው፤ ነገር ግን አዎንታዬ ገደብ አለው። በደፈናው ከምንከራከር አንድ ትምህርት ቤት መርጠን በርሱ ላይ ብንነጋገር የሚሻል መሰለኝ። የመረጥሁት ከአገራችን እጅግ የራቀ ነው፤ ይህንንም ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። የራሳችን ጉዳይ ሲነሣ ሁላችንም ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት ፍርዳችንን በኪሳችን ይዘን ነው የምንገባው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በመጀመሪያ ከመንገዳችን ላይ ላነሣው የምፈልግ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ቤቱ የግል ነው፤ ባለቤቱ የወደደውን ያስገባል፤ ያልወደደውን ይመልሳል፤ ሌላውን ምን አገባው?» የሚለው ነው። ከኔ ወገን የሚቆሙ ሰዎችም ይህን ያነሡታል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤት ነጭና ጥቁር ልጆችን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ በቨርጂኒያ የሚገኘው የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ልጆቹ አብረው ከሚማሩ ይቅርብን ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለነጮቹ ወዲያው የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ጥቁሮቹ ግን ለዓመታት ሜዳ ላይ ቀሩ፤ አውራጃው ትምህርት ቤቶቹን መልሶ የከፈተው በ1964 በፍርድ ተገድዶ ነው። እዚያ «የግል» የሚለው ቃል መጋረጃ ነበር። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የግል ትምህርት ቤትም ቢሆን ልጁ ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ አልቀበልህም ሊለው አይችልም ሲል መጋረጃው ተቀደደ። ፍርዱ የቆመው በ1866፣ ባርነት በቀረ ማግስት በወጣ ሕግ ላይ ነው። ሕጉ ማንም ሰው ውል የመዋዋል መብቱ ከነጭ ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ልጅን ከፍሎ ማስተማርም ውል ነው።

እንግዲህ ወደ መረጥሁት ትምህርት ቤት ልምጣ። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሃዋይ ደሴቶች ካሜሃሜሃ የሚባል የግል ትምህርት ቤት አለ። ያቋቋመችው የቀዳማዊ ካሜሃሜሃ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነችው ልዕልት በርኒስ ፓዋሂ ቢሾፕ ናት። በ1872 ዙፋን ቢቀርብላት አልፈልግም ያለች ሴት ናት። ልጅ አልነበራትም። በ1884 ስትሞት 375,000 ኤከር ያህል መሬት፣ ጋሻውን በ40 ሄክታር ብንገምት በኛ በድሮው አቆጣጠር ወደ 3,800 ጋሻ፣ ለትምህርት እንዲውል በባለአደራዎች እጅ ተናዝዛ አለፈች። የወንዶቹ ትምህርት ቤት በ1887፣ የሴቶቹ በ1894 ተከፈተ። ዛሬ የአደራው ሀብት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ኑዛዜውን ከዘመኑ ለይቶ ማንበብ አይቻልም። እንግሊዛዊው መርከበኛ ኩክ በ1778 ደሴቶቹ ላይ ሲደርስ የአገሩ ሰው በመቶ ሺህ ይቈጠር ነበር። በ1890 በተደረገው ቈጠራ ቅይጦቹ ተጨምረው 40,000 ያህል ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላውን የፈጀው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ ነው። ልዕልቲቱ ከሞተች ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1893፣ ነጋዴዎችና የስኳር እርሻ ባለቤቶች ከአሜሪካ የጦር መርከብ በወረዱ ወታደሮች ተመክተው ንግሥት ሊሊኡካላኒን ከዙፋኗ አወረዷት። በ1896 የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ታወጀ። በ1898 አገሪቱ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ በ1993 ለተፈጸመው ግፍ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ትምህርት ቤቱ ከአመልካቾች መካከል ለሃዋይ ተወላጆች ቅድሚያ ይሰጣል። ብዙ ተወላጆች ስለሚያመለክቱ ቅድሚያው በተግባር ሌላውን በሙሉ የሚያስቀር ሆነ። በ2003 የሃዋይ ደም የሌለው አንድ ተማሪ ስሙን ሳይገልጽ ያንኑ የ1866 ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ። በ2005 ሦስት የይግባኝ ዳኞች 2 ለ1 ፈረዱለት። በታኅሣሥ 2006 ግን 15 ዳኞች ተሰብስበው 8 ለ7 ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ። ልብ በሉ፤ በአንድ ድምፅ ነው። በ2007 ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያልፍ ትምህርት ቤቱ ለከሳሹ 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። ያሸነፈ ሰው ይህን ያህል ሲከፍል፣ ስለ ድሉ ምን ያህል እንደሚተማመን አድማጭ ራሱ ይፍረድ።

የኔ አሳብ ይህ ነው። የፕሪንስ ኤድዋርድ ትምህርት ቤትና የካሜሃሜሃ ትምህርት ቤት ሁለቱም በልጁ ዘር በርን ከፈቱና ዘጉ። በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የተከፈተው ሁሉን የያዘው ወገን ያለውን እንዳያካፍል ነው። የሁለተኛው ገንዘብ የመጣው ከዚያው ሕዝብ መሬት ነው፤ የተሰጠውም አገሩን፣ ቋንቋውንና አብዛኛውን ሰውነቱን ለተነጠቀ ሕዝብ ነው። ርስት ለወራሹ ይድረስ ማለት ሌላውን መዝረፍ አይደለም። ዘርን መጥቀስ በራሱ ፍትሕን አያፈርስም። መመዘን ያለበት ማን ለማን ባለዕዳ ነው፣ የተመለሰውስ ልጅ ምን አጣ የሚለው ነው።

ከተቃራኒ ወገን የሚመጣውን ብርቱውን ጥያቄ ግን ማለፍ አልችልም። በ1906 ከፊሊፒን ሸንኮራ ሊቈርጥ የመጣ የቀን ሠራተኛ ማንንም ከዙፋን አላወረደም። የልጅ ልጁ ዛሬ ድኻ ቢሆንና በትምህርቱ ቢበረታ፣ የስኳር ባለቤቶቹን ዕዳ ስለ ምን ይከፍላል? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሴ ያ ልጅ ዕዳ አልከፈለም፤ ለርሱ ያልተተወ ስጦታ ቀረበት እንጂ የሚል ነው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በር ለርሱ ቢዘጋ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ሆኖም ይህ መልስ ጠንካራ የሚሆነው ትምህርት ቤቱ የአደራውን ቃል በትክክል ሲጠብቅ ብቻ ነው። ገደቤም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የኑዛዜው 13ኛ አንቀጽ ቅድሚያውን የሚያነሣው ከገቢው ከፊሉ ለወላጅ አልባና ለችግረኛ ልጆች ይዋል በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ከነዚህም መካከል ለሃዋይ ተወላጆች ቅድሚያ ይሰጥ ይላል። ችግሩ ይቀድማል፤ ደሙ ይከተላል። ትምህርት ቤቱ ለእንደነዚህ ያሉ ልጆች ቦታ እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ሃዋያዊ የሆነ የሀብታም ልጅ፣ ምንም የሃዋይ ደም የሌለውን ድኻ ቀድሞ ሲገባ፣ ዕዳ ተከፈለ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። በ2002 በማዊ ደሴት ለተወላጆቹ ቦታ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ አንድ ሌላ ልጅ ቢገባ ታላቅ ቍጣ ተነሣ፤ ባለአደራዎቹም ይቅርታ ጠየቁ። ቅድሚያ ማለት ተራ ማስያዝ ነው። ተራው ደርሶ ወንበሩ ባዶ ከሆነ በኋላ መቈጣት ቅድሚያ አይባልም።

ሁለተኛው ገደብ ደምን ብቻ ስለ መቍጠር ነው። በሃዋይ ሃናይ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ የሌላውን ልጅ ተቀብሎ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ነው። ጉዲፈቻን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም። በ2003 እናቱ በሃዋያውያን እጅ በዚሁ ልማድ ያደገች አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ፣ የትውልድ ማስረጃ አልተሟላም ተብሎ ተሰጥቶት የነበረው ቦታ ተነጠቀ። የገባው በዳኛ ትእዛዝ ነው፤ በኋላም በእርቅ ተፈቅዶለት ቀጠለ። የአገሩን ልማድ ለማዳን የቆመ ትምህርት ቤት የአገሩን ልማድ ከማስረጃ አለመቍጠሩ ይገርመኛል።

ነገሩ አላበቃም። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃርቫርድ ተማሪ ሲቀበል ዘርን እንዳይመለከት ፈረደ፤ ሃርቫርድም የግል ነው፤ ነገር ግን ከመንግሥት ገንዘብ ይቀበላል። ያን ክስ ያሸነፈው ድርጅት በ2025 ካሜሃሜሃን ከሰሰ። ትምህርት ቤቱ ከወላጆች የሚሰበስበው ክፍያ ከወጪው ጥቂቱን ብቻ የሚሸፍን ነው፤ ክፍያው ጨርሶ ቢቀር በ1866ቱ ሕግ የሚያስከስስ ውል አይኖርም የሚሉ አሉ። እኔ ባለአደራ ብሆን ፍርዱን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም ነበር። ክፍያውን ትቼ፣ ድኻውን አስቀድሜ፣ በሃናይ ያደገውን ልጅ ቈጥሬ እከራከር ነበር።

ሰዓቴ አልቋል፤ ተራው በተቃራኒ ወገን የቆመው ወንድማችን ነው። የሸንኮራ ቈራጩን የልጅ ልጅ ጉዳይ ከኔ አብልጦ እንዲያጠብቅልኝ እለምነዋለሁ።