ታማኝነታችን ለማን ይሁን? ለመሣሪያው ስም ወይስ ለሥራው?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በግል ኮምፒዩተር አምራቾች መካከል ስለ ኖረው ፉክክርና ገዢዎች ለአንድ የንግድ ምልክት ስለሚያሳዩት ታማኝነት ነው። ርእሱ ሲሰሙት የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ሲገዛ የሙያ አስተያየት የምንሰጠው እኛ መሐንዲሶች ስለ ሆንን ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። በዚህ አጭር ንግግር ለማስረዳት የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ታማኝነታችን ለመሣሪያው ስም ሳይሆን ለሥራችንና ሥራችን ለሚጻፍበት የጋራ ደንብ ሊሆን የሚገባው መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አፕል ቱ የተባለው ኮምፒዩተር ለገበያ የቀረበው በ1977 ነበር። የንግድ ቤቶችን ልብ በይበልጥ የሳበው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም በወጣለት ጊዜ ነው። አይ ቢ ኤም በ1981 የራሱን የግል ኮምፒዩተር አወጣ፤ በ1983 ሎተስ 1-2-3 የተባለው ፕሮግራም ሲከተል ብዙው የቢሮ ገዢ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ገዢው ለስም የታመነ ይምሰለው እንጂ የተከተለው ሥራውን ነበር።

አይ ቢ ኤም ይህን ኮምፒዩተር በአንድ ዓመት ገደማ ሠርቶ ለማድረስ ሲል ዋና ዋና ክፍሎቹን ከሌሎች ገዛ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል፣ ሥርዓተ ክወናው የማይክሮሶፍት ነበር። ከዚህም በላይ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ንድፍና ባዮስ የሚባለውን መሠረታዊ ፕሮግራም ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ይሁን እንጂ ባዮስ በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለ ነበረ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም ነበር።

በ1982 ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የወጡ ሦስት ባልደረቦች ኮምፓክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። እነርሱም ለዚህ ችግር የመሐንዲስ መፍትሔ አገኙለት። አንደኛው ቡድን የአይ ቢ ኤም ፕሮግራም ምን ምን እንደሚሠራ ብቻ መዝግቦ አስረከበ፤ የአይ ቢ ኤምን ጽሑፍ ከቶ ያላየ ሁለተኛ ቡድን ደግሞ መዝገቡን ይዞ አዲስ ፕሮግራም ጻፈ። ኮምፓክ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት በ1983 ወደ 53,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮች ሸጦ 111 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በ1986 የኢንቴልን 386 ፕሮሰሰር የያዘ ኮምፒዩተር በማውጣት አይ ቢ ኤምን ቀደመው። ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይህ ነው።

አይ ቢ ኤም በ1987 ፒ ኤስ ቱ የተባለውን አዲስ መሣሪያ ሲያወጣ የተጨማሪ ካርዶችን መገናኛ ለውጦ የፈቃድ ክፍያ ጠየቀበት። ገበያው ግን አልተከተለውም። በማግስቱ ዓመት ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ተባብረው የቀድሞዎቹን ካርዶች የሚቀበል ሌላ መገናኛ እንደሚያወጡ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ኮምፓክ በ2002 በሂውሌት ፓካርድ ተጠቃለለ፤ አይ ቢ ኤምም የግል ኮምፒዩተር ሥራውን በ2005 ለሌኖቮ አስረከበ። ስሞቹ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፉ የጋራው አሠራር ግን ጸንቶ ቆየ።

ታማኝነት ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ1984 በ2,495 ዶላር የወጣው ማኪንቶሽ አይጥ የሚባለውን መጠቆሚያና ሥዕላዊ ገጽታን ለብዙ ሰው አስተዋወቀ፤ በማግስቱ ዓመትም ከሌዘር ማተሚያና ከፔጅሜከር ጋር ሆኖ የኅትመትን ሥራ በጠረጴዛ ላይ አኖረው። ወዳጆቹ የወደዱት በምክንያት ነው። ሆኖም ፍቅር ፍርድን ሲሸፍን ምን እንደሚመስል በ1997 ቦስተን ላይ ታየ። በዚያ ዓመት አፕል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ነበር። ስቲቭ ጆብስ ማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባና ኦፊስ የተባለውን ፕሮግራም ለማኪንቶሽ ለአምስት ዓመት ማውጣቱን እንደሚቀጥል ሲገልጽ፣ ቢል ጌትስም በትልቁ መጋረጃ ላይ ሲታይ፣ ከተሰብሳቢው መካከል ብዙዎች በጩኸት ተቃወሙ። የተቃወሙት የገዛ ሥራቸውን የሚያስቀጥልላቸውን ስምምነት ነበር።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። ቀድሞ አንድ የኮምፒዩተር የፊደል ስብስብ ከ256 የሚበልጥ ምልክት አይዝም ነበር፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጅ ፊደሉን በመሰለው መንገድ ከፋፍሎ አስቀመጠው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ሕንፃ መሠረት ንድፍ የቆዩ የአፈር ምርመራ ዘገባዎች አስፈለጉን። ዲስኮቹ አልተበላሹም፤ ፋይሎቹም ይከፈቱ ነበር። ነገር ግን በአማርኛ ፋንታ የታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነበር። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሥራውን ከተወ ቆይቷል። የፊደል ሰንጠረዡን የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ሳምንታት አለፉ፤ የተቀሩትንም ከወረቀት ቅጂያቸው እንደገና መተየብ ግድ ሆነ። የንድፉም ሥራ እስከዚያው ቆመ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የየትኛው ፋብሪካ እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከአንዱ አምራች ድል ሳይሆን ከስምምነት ነው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደንብ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የማይለወጥ ቁጥር ሰጠው። ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ነው፤ ደንቡን በሚያከብር መሣሪያ ሁሉ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ያው ነው።

እንግዲህ የግዢ ሰነድ ቀርቦ አስተያየት ስንጠየቅ ሦስት ጥያቄዎችን እናስቀድም። አንደኛ፣ በዚህ መሣሪያ የሠራነው ሥራ በሌላ አምራች መሣሪያ ላይ ይከፈታልን? ሁለተኛ፣ መለዋወጫውና ጥገናው ከአንድ በላይ ከሆነ አቅራቢ ይገኛልን? ሦስተኛ፣ አምራቹ ነገ ሥራውን ቢያቆም መረጃችንን በምን ያህል ጊዜና ወጪ ልናወጣ እንችላለን? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ያለው መሣሪያ የማንም ስም ቢኖርበት ይገዛ። መልስ የሌለው ግን ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ እኛም የቱንም ያህል ብንወደው፣ ሕንፃው፣ ድልድዩና ግድቡ ከእኛ በኋላ ለሚጠግኑት መሐንዲሶች ስንል ይቅርብን ለማለት እንድፈር።