ከብዙው አንዱን ስለ መምረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሰው ከማይቈጠር ነገር መካከል የሚሠራውን አንዱን ነገር በምን እንዲመርጥ ዛሬ እንነግራችኋለን።

በዋግ ሕምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ኒሯቅ ያለው ገበሬ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የክረምቱ ዝናም በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ይገባና ብዙ ጊዜ ጳጉሜን ሳያልፍ ይቋረጣል። የቈላው ገበሬ አስቀድሞ ዝናም ካገኘ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ማሽላ ይዘራል፤ ይህ ቢቀርበት በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ካለፈው መሬቱ በያዘው ርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁሉን መዝኖ እስኪጨርስ ዝናሙ አይጠብቀውም። ከምርጫዎቹ አንዱ በየጊዜው እየተዘጋ ይሄዳል። ገና አልመረጥሁም የሚለውም ሰው ሳያውቀው ሽምብራውን መርጧል።

ከዚህም የከበደ ምርጫ አለ። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በዋግና በላስታ የነበረው አባወራ በጎታው ግርጌ የቀረችውን ዘር ይዞ፣ እንብላት ወይስ ትዘራ እያለ ሲጨነቅ ያድር ነበር። በሬውን ቢሸጥ የሚያርስበት የለውም፤ ባይሸጥ ልጁ ይሞትበታል። ብዙዎች ቤታቸውን ዘግተው እርዳታ ወደሚታደልበት ወደ ኮረም ተጓዙ፤ በመንገድም የቀሩ አሉ። ዘሩን የበላውን ሰው፣ ለነገ አላሰበም ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ እኛ ግን አንነቅፈውም። ዘር ለሰው ተሰጠ እንጂ ሰው ለዘር አልተሰጠምና።

ለዚያ አባወራ ምርጫውን ያጠበበለት መከራው ነው። መከራ ሳይመጣብን ብዙውን በምን እናጥብበው ብንል ግን የሐዋርያት ሥራ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያሳየናል። በይሁዳ ፈንታ አንድ ሰው ይገባ ዘንድ በተፈለገ ጊዜ በጉባኤው የነበሩት 120 ያህል ነበሩ። ሐዋርያት በ120ው ሁሉ ላይ ዕጣ አልጣሉም። አስቀድሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሥራው ምን እንደ ሆነ ተናገረ፤ ይኸውም ለትንሣኤው ምስክር መሆን ነው። ምስክር ያላየውን አይመሰክርምና፣ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሮ የነበረ ይሁን አለ። በዚህ ሚዛን ሁለቱን፣ ዮሴፍንና ማትያስን አቆሙ፤ ከዚያም ጸለዩ። ዕጣው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሥርዓት ገልብጦ ይይዘዋል። ልጁን ሊድር ወይም ሊነግድ ሲያስብ አስቀድሞ አውደ ነገሥት ወደሚገልጥለት ሰው ይሮጣል፤ ኮከቡን ያስቈጥራል። በክርስቲያን ቤት ይህ ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው የሚሻው ምክር አይደለም፤ የመምረጥን ሸክም በሌላ ትከሻ ላይ መጣል ነው እንጂ። የንስሐ አባት ግን ይጠይቀዋል እንጂ አይመርጥለትም።

ዛሬ ትምህርቱን የፈጸመ የሰቆጣ ወጣት ስልኩን በእጁ ይዞ የዓለሙን መንገድ ሁሉ ያያል። ንግዱ፣ ንብ ማነቡ፣ ቅኔ ቤቱ፣ አዲስ አበባው፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር መሄዱ፣ ሁሉም በአንድነት ይጠሩታል። ከብዛቱም የተነሣ አንዱን ሳይጀምር ዓመቱ ያልፍበታል፤ አለዚያም ጓደኛው በሄደበት ይሄዳል። ልጃችን ሆይ! የቱ ይሻለኛል ከማለትህ በፊት፣ ለምን ሥራ ተፈለግሁ? እስከ ዛሬ ከማን ጋር ኖርሁ፣ ምንስ ዐየሁ? ብለህ ጠይቅ። የምሄደው እናቴን ልረዳ ነው የሚል ብዙ ነው፤ እውነትም ይሆናል። እንግዲያስ ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት እናቱን ይጠይቃት።

ዕጣው በማትያስ ላይ ወጣ፤ ከ11ዱም ሐዋርያት ጋር ተቈጠረ። ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍስ? እርሱም ከጥምቀቱ እስከ ዕርገቱ የነበረ ነው፤ በምስክርነቱ ከማትያስ አላነሰም። በዚያ መጽሐፍ ግን ነገሩ ዳግመኛ አልተነሣም፤ አጕረመረመም አልተባለም። ስለ እርሱ የምንናገረው ገና አለን፤ ጊዜያችን ስለ ተፈጸመ በሚመጣው ሰንበት እንቀጥላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።